ትላንት የሠራው ዛሬም ይሠራል ወይ? በፑ ካፕዛውቫ መቃብር ላይ የተነገረ

የተከበሩ የሟች ባለቤት ፒ ንጊልኔይ፣ የተከበራችሁ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው፣ ፓስተራችን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ በዚህ ጭቃ ዳገቱን የወጣችሁ የጎረቤት መንደር ሰዎች፣ ከንጋት ጀምራችሁ መቃብሩን የቆፈራችሁ ወጣቶች፣ ሁላችሁም በያላችሁበት ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ፓስተራችን «አጭር አድርጊው» ብለውኛል። ይህችን ለማለት ከሟች ቤት ደጃፍ እስከዚህ አፋፍ ድረስ ፈጅቶባቸዋል። እኔ ግን እሞክራለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ሬምሳንጊ እባላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። በመዘምራኑ ውስጥ አልቶ ነኝ። አንዳንዶቻችሁ «ሽማግሌ ጠፍቶ ነው ይህቺ የምትናገረው?» እያላችሁ እንደሆነ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። ሽማግሌ አልጠፋም። ይኸው ሞልቷል። ግን ፑ ካፕዛውቫ ራሳቸው ናቸው ታመው ተኝተው ሳሉ «ስለ እኔ ሚጥሚጣ ትናገር» ያሉት። ሚጥሚጣ የሚሉት እኔን ነው። ምክንያታቸውንም ተናግረዋል፤ ፒ ንጊልኔይ ምስክሬ ናቸው። «ሽማግሌዎቹ ከተነሡ ስለ ራሳቸው ነው የሚያወሩት። ቀብሬ ላይ እንኳ ትንሽ ስለ እኔ ይወራ» ነው ያሉት።

ስለዚህ ስለ እሳቸው ላውራ።

ዘመዴ አልነበሩም። ጓደኛዬ ነበሩ። የሥራ ባልደረባዬም ነበሩ። እኔ ከእሳቸው ጋር የተጨቃጨቅኩትን ያህል ከገዛ ወንድሜ ጋር አልተጨቃጨቅኩም።

አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ጉልበታቸውን መታ መታ ያደርጉና «ትላንት የሠራው ዛሬም ይሠራል ወይ?» ይሉታል። ሬዲዮኑን ሲከፍቱ ይህችኑ። የውሃ ቧንቧውን ሲከፍቱ ይህችኑ። በሻይ ሰዓት ፒ ንጊልኔይን ሰረቅ አድርገው ያዩና «የትላንቱ ፍቅር ዛሬም ይሠራል ወይ?» ይላሉ። እሳቸውም ቀና ሳይሉ «ስኳሩን አቀብለኝና እናያለን» ይላሉ።

ፓስተራችንንስ ምን አሏቸው? የፋሲካ ስብከት እንዳለቀ በሩ ላይ እጃቸውን ጨብጠው «ፓስተር፣ አምና የሠራው ዘንድሮም ሠራ!» አሏቸው። ፓስተራችን በጣም አመሰገኑ። ነገሩ የገባቸው ቤታቸው ደርሰው ጫማቸውን ሲያወልቁ ነው።

ትስቃላችሁ። ሳቁ። እሳቸውም ይህን ነው የሚፈልጉት። ግን ይህች ጥያቄ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነች የምታውቁት ስንቶቻችሁ ናችሁ? መዝሙራችንን ያተረፈችው ይህች ጥያቄ መሆኗን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

ያን ጉባኤ አስታውሱ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት የተንጠለጠለበትን ጉባኤ። መዝሙራችንን የምናትምበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ገና ታድሶ የወጣ ጊዜ ነው። ታውቁታላችሁ፣ ፕሮግራሙ በነፃ ነው፤ ማንም ከፍቶ ውስጡን ያየዋል፣ ማንም ይጠግነዋል፣ የሚሠሩትም በየአገሩ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አዲሱን ጫንን። ማንም ሰምቶት የማያውቀውን አዲስ መዝሙር አተምንበት። ወረቀቱን አደልን። ቆምን።

እኛ ደግሞ የሶልፋ ሰዎች ነን። ዶን፣ ሬን፣ ሚን በፊደል እንጽፋለን፤ በአምስት መስመር ላይ እንደ ልብስ የሚሰጣውን ጥቁር ፍሬ ለሌላው ዓለም ትተንለታል። ከፊደሉ ቀጥሎ ሰረዝ ካለ፣ ድምፁን ያዝ ማለት ነው። ባዶ ከሆነ፣ ዝም በል ማለት ነው። ይህን የእኛ ልጅ ከጡት ጋር ነው የሚማረው። ወረቀቱ ያለውን እንዘምራለን። ወረቀቱ ገደል ግቡ ቢለን እንገባለን፤ ያውም በአራት ድምፅ!

አዲሱ ፕሮግራም ሰረዞቹን በሙሉ በልቷቸው ነበር።

መሪያችን እጃቸውን አነሡ። «ሃ» አልን። ቆምን። «ሌ» አልን። ቆምን። መላው መዘምራን ባንድ ጊዜ ስቅታ የያዘው ይመስል ነበር። ፑ ቻልቱዋማን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ የቴነሮቻችን አለቃ፣ ረጅም ድምፅ ሲያገኙ እንደ ርስት የሚይዙት። ደረታቸውን ነፉ። አፋቸውን ከፈቱ። ወረቀቱን አዩ። ባዶ ነው። ዘጉት። ቀጣዩ ላይ እንደገና ከፈቱ። ባዶ ነው። ዘጉት። ከውሃ የወጣ ዓሣ አይታችኋል? እኔ ያን ቀን አየሁ፤ ክራባት አድርጎ። ፓስተራችን መነጽራቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ መዝሙሩ አለቀ።

ከዚያስ? ከዚያማ ተጠያቂ ፍለጋ ተጀመረ። ፑ ቻልቱዋማ «የዘንድሮ ልጆችና ኮምፒውተራቸው!» አሉ። አንዱ ሽማግሌ «እርጥበት ነው፤ ዝናቡ ቀለሙን አጥቦት ነው» አሉ። ሌላው «ሰይጣን ነው» አሉ። ፑ ካፕዛውቫ ኩህቫቸውን፣ ያን ጥርስ የሚያቀላ ፍሬ፣ እያኘኩ ቤታቸው ሄዱ። አንድ አሮጌ መዝሙር በቀድሞውም በአዲሱም ፕሮግራም አሳተሙኝ። ሁለቱን ወረቀቶች ደረቧቸውና መስኮቱ መስተዋት ላይ አስደገፏቸው። ከኋላ ብርሃን ገባ። ወረቀቶቹ የተስማሙበት ቦታ ድርብ ስለሆነ ጠቆረ። ያልተስማሙበት ቦታ፣ ሰረዙ ብቻውን ሳስቶ ቀረ።

«ሚጥሚጣ» አሉኝ፣ በቀይ ጥርሳቸው ፈገግ ብለው፣ «ነይ እስቲ። ሰይጣኑን አገኘሁት።»

ለበጎ ፈቃደኞቹ ጻፍን። እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ሞላ። መልስ የሰጠችን ዊብከ ናት፤ ከሰሜን ጀርመን፣ ሥራውን ከሚያስተባብሩት አንዷ። ከልቧ ይቅርታ ጠየቀች። ቀጥላም እውነቱን ነገረችን። «የሶልፋው ክፍል የሚጠብቀው ሰው የለውም። ሌላውን ስንጠግን እሱ ይሰበራል። እኛ አናነበውም፣ ስለዚህ መሰበሩን አናውቅም። የተሰበረ ነገር ለሰው ከምንሰጥ ከሚመጣው እትም ብናወጣው ይሻላል ብለን እየመከርን ነው።»

ማውጣት! ገባችሁ? የአያቶቻችን መዝሙር ሁሉ፣ የምንጽፈውም ሁሉ፣ ማተሚያ አጥቶ ሊቀር። መዝሙር የምንጽፍባትን የድሮዋን የጽሕፈት መኪና እንዳታስቡ፤ እሷ ላይ የፒ ንጊልኔይ ዶሮ ትተኛባታለች።

ፑ ካፕዛውቫ ዊብከን «እንነጋገር» አሏት። ኢንተርኔት የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ውሃ ታንከር ሥር ነው። ፑ ካፕዛውቫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ታንከሩ ሥር ወንበር አስቀምጠው ተቀመጡ። ውሃው ትከሻቸው ላይ ጠብ ይላል። «ጠባቂ የምትይው ሰው ምንድን ነው የሚሠራው?» አሏት። እኔ አስተረጎምኩ።

«ትክክል መሆናቸውን የሚያውቃቸውን ገጾች ያስቀምጣል» አለች። «ፕሮግራሙ በተነካ ቁጥር ገጾቹ እንደገና ይታተማሉ። ኮምፒውተሩ አዲሱን ከቀድሞው ጋር ያስተያያል። ልዩነት ከተገኘ ጠባቂው አይቶ ይጮኻል።»

ወደ እኔ ዞሩ። «መጮህ ብቻ ነው? ለዚህ ነው ሰው የጠፋው?»

ፒ ንጊልኔይ ከኋላ ሆነው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉና «ውሰጂው ልጄ! እኔ ላይ ሲለማመድ ነው የኖረው» አሏት። ይህንንም አስተረጎምኩት። ዊብከ ስትስቅ ስልኩ ተቋረጠ። እንዲህ ነው የተቀጠሩት።

እንግዲህ ሥራው ተጀመረ። ለእያንዳንዱ ችግር አንድ ትንሽ ዜማ ያስፈልጋል። ለሰረዝ አንድ። ለግማሽ ምት አንድ። ወደ ላይና ወደ ታች ለሚያዝዙት ምልክቶች አንድ። ዜማ ደግሞ ግጥም ይፈልጋል። ግጥሙን ማን ጻፈ? እሳቸው። ስለ ማን?

ዛሬ ልንገራችሁ፤ ከእንግዲህ አይቆጡኝም። ስለ እናንተ።

የግማሽ ምቱ ገጽ ስለ ፓስተራችን ሞተር ብስክሌት ነው፤ ዳገቱ ላይ ይነሣል፣ ይጠፋል፣ ይነሣል፣ ይጠፋል። የሰረዙ ገጽ ደግሞ «ቻልቱዋማ በስብከት ሰዓት ያንኮራፋል» ይላል፤ «ራ» ላይ ሙሉ መስመር ሰረዝ አለው። አዎ ፑ ቻልቱዋማ፣ በደንብ ሰምተዋል። ይቀመጡ፣ ድንጋዩ እርጥብ ነው፣ ቀስ ብለው። በየትኛውም አገር ያለ ሰው ያን ፕሮግራም በነካ ቁጥር፣ እርስዎ ያንኮራፋሉ። በደንብ ካላንኮራፉ ሥራው ተቀባይነት የለውም፤ ሰውዬው ተመልሶ ያስተካክላል። ከመንደራችን እንዲህ የታመነበት ሰው ወጥቶ ያውቃል?

እኔ ግን ከሁሉ የማልረሳው የዝላዩን ቀን ነው።

አሁን በእጃችሁ የያዛችሁትን መዝሙር ተመልከቱ፤ ሰው ስንቀብር የምንዘምረውን። ይህም ከገጾቻችን አንዱ ነበር። አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩ ቀይ አሳየ፤ ልዩነት አለ ማለት ነው። ፑ ካፕዛውቫ ዘለው ተነሡ።

«ሰበሩት! ጻፊላት! ሰበራችሁት በያት!»

«ቆይ እንጂ ፑ፣ እንየው።»

«ምኑን ነው የምናየው! ቴነሩ ላይ፣ እዚህ፣ ሶ ሥር ምልክት አብቅለውበታል። ውረድ ይላል። አንቺ ከመወለድሽ በፊት ጀምሮ ቴነር እዚህ ጋ ወደ ላይ ነው የሚዘለው!»

«ፑ፣ ይህን ዜማ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ከአሮጌው መጽሐፍ፣ ፊደል በፊደል።»

«እንግዲያው ይኸው። ምልክቱን ያስገቡት ራስዎ ነዎት። ፕሮግራሙ ነበር የሚጥለው። አሁን ጠግነውታል።»

መጽሐፉን አወጡ። አዩ። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩ። ውረድ ይላል። ያኔ ገጹን «ትክክል ነው» ብለው ሲያጸድቁ ምልክቱ መጥፋቱን አላዩም ነበር፤ ጆሯቸው ለዓይናቸው ዘምሮለት ነበራ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ታዲያ» አሉ በቀስታ፣ «እኛ ለምንድን ነው ወደ ላይ የምንዘለው?»

ፒ ንጊልኔይ ጎመን እየከተፉ ነበር። ቢላዋው እንኳ አልቆመም። «ቻልቱዋማ ነዋ» አሉ። «ጎረምሳ ሳለ ከሶፕራኖዎቹ አንዷ ላይ ዓይኑን ጥሎ ነበር። እንድታየው ዘለለ። የቀሩት ቴነሮች እንዳይበለጡ ተከተሉት። በዚያው ቀረ።»

«ልጅቷስ አየችው?» አልኩ።

«አየሁት» አሉ። «ሰረዙን በደንብ የሚይዘውን ባስ አገባሁ።»

ፑ ካፕዛውቫ ያን ቀን እንደሳቁት ስቀው አያውቁም። ሳል እስኪይዛቸው። ከዚያ ሁለታችንም ፑ ቻልቱዋማ ቤት ሄድን። ፑ ቻልቱዋማ አልሳቁም።

«ያን ድምፅ ካወረዳችሁት እኔ አልዘምርም!»

«ቻላ፣ ስህተት እኮ ነው።»

«ስህተት? ለአባትህ ቀብር ዘለልኩት። ለእናትህ ቀብር ዘለልኩት። ያኔ አለቀስክ እንጂ ስህተት ነው አላልከኝም!»

ወደ ቤት ተመለስን። ዊብከ ደግሞ «የተሳሳተውን ገጽ በትክክለኛው ተኩት፤ ሥራው ይህ ነው» ብላ ጽፋለች። ትክክል ናት። እኔም ትክክል ናት አልኳቸው። እሳቸው ግን ሁለት ገጽ አሠሩኝ። አንዱን «መጽሐፉ እንደሚለው» አሉት። ሌላውን ምልክቱን ወደ ላይ አዙረው «ቻልቱዋማ እንደዘለለው» አሉት። ዊብከ ለምን ሁለት እንዳስፈለገ ጠየቀች። «አንዱ የደራሲው ነው» አሏት። «ሌላው የእኛ ነው። ሁለቱም እንዳይሰበሩብኝ።»

ተቀበለች። ሁለቱም እስከ ዛሬ አሉ።

ፑ ቻልቱዋማ፣ ይህን አያውቁም ነበር መሰለኝ። ጓደኛዎ ጆሮዎ እየሰማ ሲሰድብዎ ኖሮ፣ ዝላይዎን ለዓለም አስረክቦልዎታል።

ከዚያ ሳንባቸው እምቢ አለ። ዶክተሩ ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ ሲያስቀምጥ «ዶክተር፣ ትላንት የሠራው ዛሬም ይሠራል ወይ?» አሉት። ዶክተሩ ማዳመጫውን አጥፎ አስቀመጠ። «ገባኝ» አሉ፣ «ቀይ ነው።» ወደ እኔም ዞረው «እኔን የሚጠግን የለም፤ ዕቃው አልቋል። ገጾቹን ግን እንዳትተያቸው» አሉኝ።

ትላንት እሬሳቸው ቤት ሳለ የዊብከ መልእክት ደረሰኝ። ማልቀሷን ነገረችኝ። ቀጥላም፣ ፈራ ተባ እያለች፣ አዲሱ እትም በዚህ ሳምንት እንደሚወጣ ጻፈች። ጠባቂ የሌለው ክፍል አብሮ አይወጣም። በፑ ካፕዛውቫ ቦታ የማንን ስም እንጻፍ? አለችኝ።

እኔ ያኔ ሻይ እያመላለስኩ ነበር። ሽማግሌዎቻችን ጥግ ይዘው ሲያወሩ ሰማሁ። «የሶልፋው ነገር እንግዲህ ከእሳቸው ጋር አበቃ» አሉ አንዱ። «ማን ይደክምለታል?» አሉ ሌላው። ከዚያ «ሻዩ ቀዝቅዟል» አሉኝ።

ሻዩን ቀየርኩ። ስሙንም ጻፍኩ።

የእኔን ስም ጻፍኩ። ግን እኔ በቅርቡ ለትምህርት ከተማ እወርዳለሁ፤ አንድ ሰው ብቻውን የያዘው ነገር ምን እንደሚሆን ደግሞ ይኸው አየን። ስለዚህ የመዘምራኑንም ስም ጨመርኩ። የሁላችሁንም፣ ሶፕራኖውን፣ አልቶውን፣ ቴነሩን፣ ባሱን። ሳላስፈቅዳችሁ። ፓስተራችን፣ እርስዎ የሞተር ብስክሌቱ ገጽ ጠባቂ ነዎት። ፑ ቻልቱዋማ፣ እርስዎ የዝላዩ። እንኳን ደስ አላችሁ! ኮምፒውተር አናውቅም እንዳትሉኝ። ኮምፒውተሩን ለእኛ ለልጆቹ ተዉት። የእናንተ ሥራ መጮህ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምሰማችሁ፤ ትችላላችሁ።

ዛሬ ጠዋት አዲሱን እትም ጫንኩት። ገጾቹን ሁሉ አሳለፍኩ። አረንጓዴ ነው። ሁሉም። ዊብከ አሁን ከስልኳ ጋር ተቀምጣ አንድ ቃል ትጠብቃለች፤ ይሠራል፣ ወይም አይሠራም። እኔ ግን ገና አልመለስኩላትም። ለምን? ፑ ካፕዛውቫ ኮምፒውተሩ አረንጓዴ ስላለ ብቻ አንድም ገጽ አጽድቀው አያውቁማ። «ወረቀት ከወረቀት ጋር ተስማማ ማለት ምን ማለት ነው?» ይሉ ነበር። «ከአፍ ጋር ይስማማ እንደሆነ አሳዪኝ።»

በእጃችሁ ያለው ወረቀት በአዲሱ እትም የታተመ ነው። እስካሁን ማንም አልዘመረበትም። «ቻልቱዋማ እንደዘለለው» ነው፤ ፒ ንጊልኔይ ናቸው የመረጡት። እዩልኝ፣ ፑ ቻልቱዋማ ቀልተዋል።

እንግዲህ፣ ፑ ካፕዛውቫ፣ ወዳጄ።

እርስዎን ያጣሁበትን ቦታ ከትላንት ጀምሮ ሳየው ባዶ ይመስለኝ ነበር። ባዶ ደግሞ ዝም በሉ ማለት ነው። ቤትዎ ዝም ብሎ ነበር። ታንከሩም ሥር ዝም ብሎ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ያስተማሩኝን አደረግኩ። ትላንትን ከዛሬ ጋር ደርቤ መስኮቱ ላይ አስደገፍኩት። ብርሃን እስኪገባ ጠበቅኩ። ባዶ አይደለም ፑ። ሰረዝ ነው።

ደህና ይሁኑ። ስላስቆጡኝ አመሰግናለሁ። ስላስቆጣሁዎት አላዝንም። ከላይ ያሉት መዘምራን በመስመር ላይ ፍሬ የሚያነቡ ከሆኑ፣ ታግሰው ያስተምሯቸው።

መዘምራን፣ ተነሡ። ወረቀቱን ከዝናቡ ከልሉት። ከበሮ፣ ቀስ ብለህ። ቴነሮች፣ አትፍሩ፣ ዝለሉ። የመጨረሻው ድምፅ ላይ ሰረዙ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ይሄዳል፤ እኔ እጄን እስካወርድ ድረስ ማንም እንዳይለቅ። ለማውረድም አልቸኩልም። ሲያልቅ ለዊብከ እጽፋለሁ።

ትላንት የሠራው ዛሬም ይሠራል ወይ?

መልሱላቸው።